የነፃው መርፌ ዋጋ

ስለ ሕክምና ወጪ ለተለማማጅ ሐኪሞች እንዳስተምር ወደ ሆሳዕና መጋበዜን ስነግራት ባለቤቴ ሳቀች። «የጋበዙህ ሰዎች በደንብ ያውቁሃል ማለት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቤታችን ውስጥ ሰው እየተከተልኩ መብራት የማጠፋው፣ ያለቀውን የጥርስ ሳሙና በመቀስ ቀድጄ የምጠርገው እኔ ነኝ። ሥራ ላይም ያው ነኝ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ያለ በቂ ምክንያት የታዘዘ ምርመራ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ግብዣውን ስቀበል የማስተምረውን አሳምሬ የማውቅ መስሎኝ ነበር። እዚያ የመሄድ ዕድል ለማይገጥማችሁ፣ በስምንት ቀን ውስጥ የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፤ የሆስፒታሉንና የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም።

ቅዳሜ

ከአየር ጤና መናኸሪያ አሥራ ሁለት ሰዓት እንነሳለን ተብሎ የተነሳነው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ፎንቆ ገበያ ላይ እህል የምትነግድ፣ ወፈር ያለች ደስ የምትል ሴት ነበረች። አዲስ አበባ ሆስፒታል የተኛች ጎረቤቷን ጠይቃ መመለሷ ነው። ከኋላችን የተቀመጡት አራት ሰዎችም አብረዋት የመጡ ናቸው።

«አምስት ሆናችሁ ነው የመጣችሁት?» አልኳት፤ የትራንስፖርቱን ሒሳብ ሳልፈልግ በሆዴ እየደመርኩ።

«ታዲያ ታማሚ በአንድ ሰው ይጠየቃል?» አለችኝ። አንድ የጎደለኝ ነገር ያለ ይመስል ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

ቡታጅራን አልፈን ብዙ ሳንሄድ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ሲወርድ እሱም ነፋስ የለውም። ሾፌሩ ጎማውን በሰው ሞተር ጭኖ ወደ ኋላ ሲመለስ እኛ መንገድ ዳር ቀረን። አዲስ አበባ ቢሆን ግማሹ ሰው ገንዘቤ ይመለስ እያለ ረዳቱን አንቆ ይይዘው ነበር። እዚህ ግን ነጋዴዋ ለታማሚ ወስዳ የተረፋትን ዳቦ አውጥታ ለሁላችንም ቆረሰች፤ ረዳቱም ድርሻውን ተቀብሎ ከእኛ ጋር ቁጭ አለ። ሆሳዕና የደረስነው ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፎ ነው። ከተማው ከአዲስ አበባ ብዙም የማይለይ ብርድ አለው፤ ባጃጁ ግን ይበዛል።

ሆቴሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ሰጡኝ። ውሃ የሚመጣው ጠዋት ብቻ እንደሆነ የነገረችኝ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ፣ ራሷ በጀሪካን ሙቅ ውሃ ይዛ ሦስቱን ፎቅ ወጣች። ልቀበላት ብል እምቢ አለች።

እሑድ

እሑድ ጠዋት ከየአቅጣጫው መዝሙር ይሰማል። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ንጹሕ ለብሶ ወይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ወይ ይመለሳል። እኔ ከተማውን ልይ ብዬ ወጥቼ፣ አንድ ቁልቁለት ላይ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ። የመጣሁት በአንድ ጫማ ነው፤ ቁጠባ ነዋ። ጫማ ሰፊ ብፈልግ፣ ሱቅ ብፈልግ፣ ሁሉም ዝግ ነው። ሶሌን በእጄ ይዤ እያነከስኩ ስመለስ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ አየችኝ፤ ወዲያው ወጣችና ከግማሽ ሰዓት በኋላ የወንድሟን ጫማ ይዛ መጣች። በሁለት ቁጥር ይበልጠኛል። ካልሲ ደርቤ አደረግኩት፤ ሳምንቱን ሙሉ ያስተማርኩት በዚያ ጫማ እየተንሸራተትኩ ነው።

ሰኞ

አሥራ አራት ተለማማጅ ሐኪሞች ጠበቁኝ። ላፕቶፔን ከፕሮጀክተሩ ጋር እንዳገናኘሁ መብራት ሄደ። ስንት ሌሊት የደከምኩበት ስላይድ ቀርቶ በጠመኔ ጀመርኩ። ስለማያስፈልግ ምርመራ ተናገርኩ፤ ራሱን ስላመመው ብቻ ሲቲ ስካን ስለታዘዘለት አንድ የአዲስ አበባ ታካሚዬ፣ ለዚያ ሲል ስለሸጠው በሬ አወራሁ። «ውጤቱ ሕክምናውን የማይለውጠው ከሆነ ለምን አዘዝነው?» አልኳቸው። ጥሩ የሄደ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። ዶክተር ሕይወት ትባላለች፤ የዱራሜ ልጅ ናት።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይሄ ትምህርት ለድሃ ታካሚ አነስ ያለ ሕክምና ስጡ ነው የሚለን? እዚህ እኮ የሚያስፈልገውንም ምርመራ አናገኝም። የምንቀንሰው የቱን ነው?»

መልስ ሰጠኋት። ረጅም መልስ ነበር፤ እኔም ብዙ አላመንኩበትም።

ከሰዓት ወደ ተመላላሽ ክፍል ወረድን። እያንዳንዳቸው አንድ የታካሚ ካርድ ወስደው፣ «ይህ ሕክምና ታካሚውን ምን ያስወጣዋል?» የሚለውን ጥያቄ በአንድ ገጽ እንዲመልሱ አዘዝኩ። ዶክተር ታምራት፣ የፎንቆ አካባቢ ልጅ ነው፣ ከሁሉም ቀድሞ ወረቀቱን አስረከበኝ። አንድ ቁጥር ብቻ ነው የጻፈበት፤ ዜሮ።

ካርዱ የመምህርት አስቴር ነው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ወደ ጊምቢቹ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ታስተምራለች። በልጅነቷ ያመማት ጉሮሮ ልቧን ነክቶታል፤ አንዱ የልቧ ቫልቭ ትንሽ ተጎድቷል። ሕመሙ እንዳይመለስና ቫልቩን ይበልጥ እንዳያበላሸው በየአራት ሳምንቱ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ መወጋት አለባት። ባል ካገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ መውለድ ትፈልጋለች። ስፔሻሊስቱ ካርዷ ላይ፣ አንድ ዓመት ሳታቋርጥ ከተወጋችና ቫልቩ ባለበት ከቆየ መውለድ ትችላለች ብሎ ጽፏል። እሷ ግን ከሁለት ቀጠሮ አንዱን ትቀራለች። የዚያን ዕለትም ቀጠሮ ነበራት፤ አልመጣችም። «ቀጠሮ የማታከብር» የሚል በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎባታል። በማንም አልፈርድም፤ እኔም አዲስ አበባ ስንቱ ካርድ ላይ ይህንኑ ጽፌያለሁ።

«መርፌው ነፃ ነው» አለ ታምራት። «የጤና መድን አላት፤ ለካርድም አትከፍልም። ምንም አይጎድልባትም እኮ ዶክተር። ግድየለሽነት ነው።»

«እሺ፣ ሄደን እንጠይቃት» አልኩ። ብልህ አስተማሪ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ

ካርዱ ላይ ያለው ስልክ አይሠራም። የሆስፒታሉን ነጭ መኪና አስፈቅደን፣ እኔ፣ ታምራት፣ ሕይወትና ሌሎች ሁለት ተለማማጆች ከነጋዎናችን ተጭነን ወጣን። መንገዱ ግራና ቀኙ እንሰት ነው። ቤቶቹ ከእንሰቱ መሀል ጣራቸው ብቻ ይታያል፤ ደጃፋቸው የተጠረገ፣ ሣሩ ለምለም ነው። እኔ የማውቀው የገጠር መንደር ገላጣ ስለሆነ ዓይኔ እስኪለምደው ቆየ።

ቤቱን ጠይቀን ደረስን። መኪናው ግቢ ውስጥ ሲገባ አማቷ ከእንሰቱ ጥግ ቀና አሉ፤ የሆስፒታሉን ምልክት አዩ፤ ጋዎናችንን አዩ። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ጮኹ። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የሆስፒታል መኪና መንደር የሚገባው ብዙ ጊዜ አስከሬን ይዞ ነው። የአስቴር ባል ሐላባ ግንባታ ላይ ነው የሚሠራው፤ እናቱ የልጃቸው ሬሳ የመጣ መሰላቸው። ታምራት ዘሎ ወርዶ በሃዲይኛ እያባበለ እስኪያስረዳቸው ድረስ ጎረቤቱ ሁሉ ደርሷል። አንድ ሰው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሮጦ ለአስቴር ነግሯታል።

እሷም ሮጣ መጣች። እጇ ጠመኔ እንደያዘ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ከንፈሯ ደርቆ። አምስት ሐኪሞች ቆመን አንዲት የልብ ታማሚ ዳገት ቁልቁለቱን ወደ እኛ ስትሮጥ አየን። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል በቅርብ ጊዜ አፍሬ አላውቅም።

ማንም እንዳልሞተ ሲታወቅ አማቷ ፈገግ አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። እንግዶች ነን፤ ከሆሳዕና ድረስ ለምራታቸው ብለን የመጣን ሐኪሞች። ቆጮ መጣ፣ አይብ መጣ፣ ጎመን መጣ። ከዚያ አታካና የሚሉትን አቀረቡልን፤ እህሉ በቅቤ ርሶ፣ ቅቤው ዳር ዳሩን ሞልቶ። እንዲህ ያለ ምግብ በልቼ አላውቅም። ቤቴ ባለቤቴ ቅቤ ከልክላኛለች፤ እዚህ ማንም አላየኝም። ሲጨመርልኝ ዝም አልኩ፤ ሁለተኛውንም ጨረስኩት።

የሚበላው እየተበላ የጎረቤት ሴቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገባሉ። አስቴርን አቅፈው፣ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብለው ይቀመጣሉ። ለእነሱም ይቀርባል።

በመጨረሻ አስቴርን ደጅ ወስጄ ጠየቅኋት።

«መርፌው ነፃ ነው አይደል?»

«ነፃ ነው ዶክተር። አንድም ቀን አላስከፈሉኝም። መንገዱንም እችለዋለሁ፤ ደመወዝተኛ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ትቀሪያለሽ?»

ወደ ቤቱ ዞር ብላ፣ በር ላይ ጫማቸውን የሚያወልቁትን ሴቶች በአገጯ አሳየችኝ። «ይኸው» አለች።

ሆስፒታል በሄደች ቁጥር እንዲህ ነው። አማቷ ብቻዋን አይሰዷትም፤ ታማሚ ብቻውን አይሄድም። የባሏ እህት ሥራዋን ትታ አብራት ትውላለች። ማታ ሲመለሱ፣ «አስቴር ሆሳዕና ሆስፒታል ሄዳ መጣች» ይባላል። ሰው ለሦስት ቀን እየመጣ ይጠይቃል። የመጣውን ማብላት ነው፤ አማቷ ማንንም ሆዱን ባዶ አይሸኙም።

«ሰዎቹ ክፉ እንዳይመስሉዎት» አለችኝ። «ሲታመሙ እኔም እሄዳለሁ። ግን ሌላው ሰው በዓመት አንዴ ይታመማል፤ እኔ በየወሩ ነው። በየወሩ ልሞት የደረስኩ ሰው እሆናለሁ። የባሌ ዘመዶችም አሁን፣ ይቺ ልጅ ልጅ ትወልዳለች? እያሉ ነው። ሳልሄድ ስቀር ግን ማንም አያስታውሰኝም፤ ጤነኛ ነኝ።»

«ጤና ጣቢያው ከትምህርት ቤትሽ ሩቅ ነው?»

«ሃያ ደቂቃ በእግር። እዚያ ብወጋማ ማን ይጠይቀኛል? ጤና ጣቢያ ለራስ ምታትም ይኬዳል። ግን አይሰጡም፤ ሆስፒታል ሂጂ ይላሉ።»

በመኪናው ተመለስን። ሆሳዕና ልንደርስ ስንል ሕይወት፣ ከኋላ ወንበር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ዶክተር፣ ያ ቅቤ የዊጆ ቅቤ ነው። ሴቶቹ በየሳምንቱ ከየቤታቸው ቅቤ አዋጥተው በተራ የሚወስዱት። ተራቸው ሲደርስ እማማ ለሴት ልጃቸው አራስነት ነበር ያስቀመጡት። በሚመጣው ወር ትወልዳለች። ጎረቤታቸው ነገረችኝ።»

ስለ ወጪ ላስተምር ሄጄ፣ የዚያ ቤት ትልቁ ወጪ እኔ ነበርኩ። ለአራሷ የተቀመጠውን ቅቤ እስከ ሁለተኛው ሳህን በላሁት። ሆቴል ገብቼ ራት አላዘዝኩም። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ይህች ልጅ መርፌዋን እዚያው ጤና ጣቢያ ሳትወጋ አዲስ አበባ አልመለስም።

ረቡዕ

ጠዋት አስተምሬ ከሰዓት ከታምራት ጋር በሚኒባስ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። በዚያ ነጭ መኪና ዳግመኛ አልሄድም ብያለሁ። ነርሱ ማቴዎስ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስልም። ግድግዳው የጸዳ፣ መዝገቡ የተስተካከለ፣ መርፌ ክፍሉ ከእኛ ሆስፒታል የተሻለ ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እምቢ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም።

«መድኃኒቱ አለ» አለኝ። «እኔ ግን አልሰጥም። ቀድሞ የሠራሁበት ቦታ፣ አንድ ሰውዬ ይህንኑ መርፌ ወጋሁት፤ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ወደቀ። ጭንቅላቱ ከሲሚንቶው ጋር ተማታ። ቤተሰቡ ገደልከው አሉኝ። ሆስፒታል ወስደውት ተረፈ፤ ምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።»

ስለ አለርጂ፣ ስለ ምርመራው፣ አደጋው እምብዛም እንደማይገጥም አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ።

«እርስዎ ቅዳሜ አዲስ አበባ ይገባሉ ዶክተር» አለኝ። «እኔ እዚህ ነኝ። አንድ ነገር ብትሆን ቤተሰቧ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። አለርጂው ድንገት ቢነሳባት የምሰጣት አድሬናሊንም አልቆብኛል።»

ይህን ንግግር የሚረታ ስላይድ የለኝም። በመንገዱ ላይ ታምራት፣ «ይቅርብን ይሆን?» ሲለኝ ተቆጣሁ። ቁጣው ለእሱ አልነበረም፤ ግን እሱ ላይ ወረደ። ማታ ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱም በበኩሉ፣ የሆስፒታሉን ፋርማሲ ኃላፊ አግባብቶ፣ ለጤና ጣቢያው የሚሰጥ አድሬናሊን በፊርማ ማስወጣት መቻሉን ነገረኝ። «ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩት፣ የሚፈርሙት ግን እርስዎ ነዎት» አለኝ። ሳቅሁ፤ ፈረምኩ።

ሐሙስ

መፍትሔው የመጣው ከሕይወት ነው። ዱራሜ የምትኖር አክስት አለቻት፤ ሲስተር ማርታ፣ በአንድ የካቶሊክ ክሊኒክ ዕድሜዋን ሙሉ ነርስ ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች። ይህንን መርፌ ለስንት ልጅ እንደሰጠች ራሷም አታውቅም። እኔና ሕይወት በጠዋት ሚኒባስ ይዘን በአንጋጫ በኩል ሄድን። ዝናብ ጥሎ አድሮ ነበር፤ አንድ ዳገት ላይ ሁላችንም ወርደን ገፋን። የተበደርኩት ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እግሬ በካልሲ ወጣ። አንድ ገበሬ ጫማዬን ፈልቅቆ፣ ቅጠል ቆርጦ ጠርጎ ሰጠኝ፤ ከዚያም ከእኛ ጋር መግፋቱን ቀጠለ። ሐምበሪቾ ተራራን በጉም መሀል ከሩቅ አየሁት። ሰው የተሠራለትን ደረጃ ሊወጣ ከሩቅ አገር ይመጣል አሉኝ፤ እኔ አልወጣሁም።

ሲስተር ማርታ አጭር፣ ጠንካራ፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። ገና ሳንቀመጥ የቡላ ገንፎ አቀረበች። እኔ ከማክሰኞ ወዲህ ምግብ ሲቀርብልኝ ይጨንቀኛል። ትንሽ ቆንጥሬ እጄን ሰበሰብኩ።

«ይብሉ» አለችኝ። «የማክሰኞውን ነገር፣ ሕይወት በስልክ ነግራኛለች። የኔ ቅቤ ለአራስ የተቀመጠ አይደለም፤ ለእርስዎ የተቀመጠ ነው።»

ሕይወት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። በላሁ።

ስለ ማቴዎስ ስነግራት አልተገረመችም። «ልጁ ብቻውን ስለሆነ ነው የሚፈራው» አለች። «እኔም የመጀመሪያውን ስወጋ እጄ ተንቀጥቅጧል። ያኔ አንዲት መነኩሴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ለእሱ ማን ቆመለት? ወረቀት ልካችሁበታል፣ ሰው ግን አልላካችሁም።»

«ይመጣሉ?»

«ጫማዬን ላድርግ» አለች። እንዲያውም የእሷ ጫማ ከእኔ ይሻላል ብላ ሳቀችብኝ። ሦስታችንም ተያይዘን ሆሳዕና ገባን፤ ሲስተር ማርታ ሕይወት ቤት አደረች።

ዓርብ

ጋዎናችንን ትተን፣ አድሬናሊኑን ይዘን ወጣን። አንድ ሚኒባስ ውስጥ ተራርቀን ተቀመጥን፤ የገበያ ሰው መምሰላችን ነው። ታምራት፣ አስቴር ማክሰኞ በሰጠችው ሌላ ስልክ ደውሎላት ነበር፤ ማቴዎስንም አጠገቡ የሚቆም ሰው ይዘን እንደምንመጣ ነግሮ እሺ አሰኝቶታል። አስቴር ክፍለ ጊዜ በሌላት ሰዓት ትመጣለች፤ ለአማቷ ምንም አልነገረችም፤ የሚነገር ነገርም የለም።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲስተር ማርታ እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ አቆመችኝ። «እርስዎ አይገቡም። ሐኪም ከገባ ሰው ይሰበሰባል። ልጁም ይደነግጣል።» ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለዚህ ነው፤ ግን ትክክል ነበረች። ከቤቱ ጀርባ፣ መስኮቱ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ከታምራትና ከሕይወት ጋር ተቀመጥኩ።

አስቴር የተማሪዎቿን ደብተር ታቅፋ ገባች። ማቴዎስ መጀመሪያ ለአለርጂ ቆዳዋን መረመረ፤ ጠበቁ፤ ምንም የለም። አድሬናሊኑን አዘጋጅቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አስተኛት» የሚል የሲስተር ማርታ ድምፅ ሰማሁ። «ይሄ መርፌ ተቀምጠው አይወሰድም። ብልቃጡን በእጅህ አሙቀው። ቀስ በል፤ ማን ይከተልሃል?»

ወጋት። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለባት። አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄደ አልጋው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ አስቴር ቀና ልትል ሞክራለች። ከዚያ ማቴዎስ፣ «ሲስተር፣ ፊቷ ነጣ። ሲስተር፣ ላብ አላት» አለ። ድምፁ ተሰብሯል።

ተነሳሁ። ታምራት ክንዴን ያዘኝ። በሩ አሥር እርምጃ አይሞላም። ከገባሁ ግን ማቴዎስ ከዛሬ በኋላ ይህን መርፌ አይነካውም። ይህንን እያወቅኩ መቆም በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ከባዱ ነበር።

«መልሰህ አስተኛት» አለች ሲስተር ማርታ፤ ድምፅዋ ገበያ ላይ ጎመን የምትገዛ ሰው ድምፅ ነው። «እግሯን ከፍ አድርግ። አድሬናሊኑ አይሸሽም፣ እዚያው ይቆይ። የልብ ምቷን ቁጠር። ድምፅህን አውጥተህ ቁጠር።»

ቆጠረ። «ዘገምተኛ ነው» አለ። «ግን አለ።»

«ቆዳዋ ላይ ሽፍታ አለ?»

«የለም።»

«ትንፋሿ?»

«ደህና ነው። ጥርት ያለ ነው።»

«ቁርስ በልተሻል ልጄ?»

«አልበላሁም» አለች አስቴር፤ ቀጭን ድምፅ። «ፈርቼ አልበላሁም።»

«በል ስኳር ያለው ሻይ አምጣላት። ረሃብና ፍርሃት ነው ያዞራት እንጂ መርፌው አልጠላትም። ልዩነቱን አሁን በእጅህ ቆጥረኸዋል።»

ስኳሩ ሲማሰል ሰማሁ። ከዚያ ማቴዎስ ቀስ ብሎ፣ «ያኔ የወደቀው ሰውዬም ጠዋት ነበር የመጣው። ተቀምጦ ነበር» አለ። ሲስተር ማርታ ምን እንደመለሰችለት አላውቅም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ አስቴር ወጣች። የጥበቃውን ጊዜ ደብተር ስታርምበት ስለነበር ቀዩ እስክሪብቶ ገና ጣቷ መሀል ነው። አየችን፤ በጥቂቱ ራሷን ነቀነቀችና መንገዷን ቀጠለች። አንድ ሽማግሌ በር ላይ ሲያልፉ ሰላም አሏት፤ መለሰች፤ አላቆሟትም። ማቴዎስ ከኋላዋ መጥቶ ከበሩ ሥር ቆሞ እስክትታጠፍ ድረስ አያት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ የሚቀጥለውን ቀን መዝገቡ ላይ እንደጻፈ ነገረኝ።

ከሰዓት የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። መብራት ነበር፤ ፕሮጀክተሩን ግን አልከፈትኩትም። ታምራትና ሕይወት ወጥተው ለሌሎቹ ተናገሩ። ሕይወት ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ፣ «አነስ ያለ ሕክምና አልሰጠናትም» አለች። «አዎ፣ አልሰጠናትም» አልኩ። ለሰኞው ጥያቄዋ የሰጠሁት አጭሩ መልስ ያ ነው።

ቅዳሜ

ጫማዬን የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ አሰፍታ አዘጋጅታልኛለች። የወንድሟን ጫማ አጥቤ መለስኩላት። ለአራሷ የሚሆን ቅቤ ከሆሳዕና ገበያ ገዝቼ በታምራት በኩል ለአስቴር አማት ላክሁ። በሦስተኛው ቀን ደውሎ፣ እማማ ቅቤውን ተቀብለው፣ «ለሚመጣ እንግዳ ነው» ብለው እንዳስቀመጡት ነገረኝ።

መንገዱ ያለ ምንም ችግር አለቀ። ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ «አስተማርካቸው?» አለችኝ። የሆነውን ሁሉ ከቅቤው ጀምሬ ነገርኳት። በቅቤው ላይ ብቻ ነው ያቋረጠችኝ።

አራት ሳምንት ሞላ። ዓርብ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አልፏል። ታካሚዎቼን ትቼ ኮሪደር ላይ ወጣሁ። ማቴዎስ ዛሬ ብቻውን ነው፤ ሲስተር ማርታ ዱራሜ ናት፤ አድሬናሊኑ እንዳለ አላውቅም፤ አስቴር ቁርስ መብላቷን አላውቅም። ደወልኩላት። ለረጅም ጊዜ ጠራ፤ ሊዘጋ ሲል ተነሳ።

«አስቴር፣ ደህና ነሽ? መርፌውስ? ወሰድሽ?»

ከጀርባዋ አርባ ሃምሳ ልጆች ባንድ ድምፅ ያነባሉ።

«በጠዋት ወሰድኩ ዶክተር። ማቴዎስ ነው የሰጠኝ።»

«አላዞረሽም? ሰዎችስ መጡ? አማትሽ ምን...»

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ክፍል ውስጥ ነኝ» አለችኝና ዘጋችብኝ።